አክስቴ ቬርና በዓይናቸው ሲያዩ

"አጥፋው!" ይላሉ አጎቴ ኦርቪል ከጀልባዬ ጫፍ ሆነው።

ሲጋራዬን መስሎኝ በጫማዬ እረግጠዋለሁ።

"ሞተሩን ነው እንጂ፣ አንተ ደንቆሮ! መጡ እኮ!"

አጠፋሁት። ኦርካ የሚባለው ጥቁርና ነጭ ዓሣ ነባሪ ሲመጣ ሞተር ማጥፋት ደሴታችን ላይ ደንብ ነው፤ እንግዳ ሲገባ ሬዲዮ እንደ መቀነስ ማለት ነው።

አክስቴ ቬርና አጠገቤ ተቀምጠዋል። ባልና ሚስቱን መንደሩ ሁሉ አጎትና አክስት ይላቸዋል፤ ለእኔ ደግሞ የአጥር ጎረቤቶቼ ናቸው። የአክስቴ የዓይን ሞራ ከተገፈፈ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። ዛሬ ጠዋት በሬን አንኳኩተው ትክ ብለው አዩኝና፣ "ለካ አንተም አርጅተሃል" አሉኝ። ቀጥለው፣ "በል ውሰደን፣ ኦርካዎቹን በዓይኔ ልይ።"

አጎቴ ኦርቪል ግን ከወደቡ ስንነሳ ጀምሮ፣ "ዝናብ ሊመጣ ነው፣ እንመለስ" እያሉ ነው። ሰማዩ ላይ እፍኝ ደመና የለም። የፈሩትን አውቃለሁ። አክስቴ ከሁሉ አስበልጠው የሚወዷት አንዲት አሮጊት ኦርካ ነበረች፤ የጀርባ ክንፏ ሁለት ቦታ ስለተቆረሰ ሸራፋዋ እንላታለን። ሁለት በጋ ሙሉ አልታየችም፤ ሞታለች። ለአክስቴ የነገራቸው ሰው የለም። ዓይናቸው በደከመበት ጊዜ፣ ባሕር በወጣን ቁጥር አጎቴ፣ "ያቻትልሽ ሸራፋሽ! ጀርባዋ እንደተወለወለ ጫማ ያበራል! ዛሬማ ኮረዳ መስላለች!" ይሏቸው ነበር። እኔም መሪዬን እሳቸው ወደጠቆሙበት አዞር ነበር።

ውሃው ይከፈታል። አንድ ክንፍ፣ ሦስት፣ ስድስት። ሁሉም ደህና፣ ሁሉም ሙሉ። ከመሃላቸው ነጭ የሚሆነው ቆዳው ገና ብርቱካናማ የሆነ አራስ ግልገል ብቅ ይላል።

አክስቴ እጃቸውን ባሕሩ ውስጥ ነክረው፣ በአያቶቻችን ቋንቋ፣ "ስለመጣችሁ እናመሰግናለን" ይላሉ። ጉንጫቸው ርሷል፤ አይጠርጉትም። ክንፎቹን አንድ በአንድ ያያሉ።

አጎቴ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ።

"ቬርና... ሸራፋዋ የለችም። ሁለት ዓመት ሆናት። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው እንጂ..."

"አውቃለሁ።"

"ምኑን?"

"ስትተነፍስ መጨረሻው ላይ እንደ ማንቆርቆሪያ ታፏጭ ነበር። የታመመው ዓይኔ ነው፣ ጆሮዬ መች ታመመ?"

አጎቴ ወደ እኔ ይዞራሉ። እኔ መሪውን አያለሁ።

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ስቀባጥር ለምን ዝም አልሽኝ?"

አክስቴ ዓይናቸውን ከግልገሉ ላይ አላነሱም።

"ቤት ውስጥማ፣" ይላሉ፣ "ከ'ጨው አቀብይኝ' ሌላ ምን ታወራኛለህ?"