ተኝቶ ለሚጽፍ ሰው

ሴትዮዋ የሁለት ባዶ ካርቶኖችን መጋጠሚያ በጥፍሯ ገንጥላ ወለሉ ላይ ትዘረጋቸዋለች። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ከራሷ እስከ ተረከዟ ይበቋታል። ሻርፗን ጠቅልላ ራስጌዋ ታደርግና በሱቁ መሐል፣ ላፕቶፖች በተደረደሩባቸው ሁለት የመስታወት ጠረጴዛዎች መካከል፣ በጀርባዋ ትተኛለች።

«ኧረ ጉዴ! አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነካሽ?» ይላል የባሏ ታላቅ ወንድም። «ሰው እያየን እኮ ነው!»

«ይየን፣ ጋሼ። ወንድምህ ቁጭ ብሎ ነው እንዴ የሚጽፈው? ያንን ያልከውን ደረቴ ላይ አድርግልኝ።»

ባሏ ከደረጃ ከወደቀ ሰባተኛ ወሩ ነው። እጆቹ ደህና ናቸው፤ ወገቡን ግን ከሁለት ትራስ በላይ ቀና እንዲያደርግ ሐኪሙ አልፈቀደለትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የችሎት ጸሐፊ ነበር። አሁን ፍርድ ቤቱ የክርክሩን ድምፅ እየላከለት ቤቱ ሆኖ ወደ ጽሑፍ እንዲገለብጥ ተስማምቷል፤ ሰኞ ካልጀመረ ግን ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ዛሬ ጠዋት ምን ዓይነት ላፕቶፕ እንደሚፈልግ ስትጠይቀው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ «እናንተ እንዳላችሁ» ነው ያላት። ስለ ምሳውም፣ ስለ ሐኪሙም፣ ስለ መስኮቱ መከፈትም መልሱ ይኸው ከሆነ ሰንብቷል።

ጋሼ የመረጠውን ትልቁን ላፕቶፕ ደረቷ ላይ ያሳርፈዋል። ሻጩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከጠረጴዛው ጀርባ ይወጣል።

«እሱ አያሳፍርዎትም፣ እህቴ» ይላታል። «ፊልም ቢሉ፣ ጌም ቢሉ፣ የማይችለው የለም።»

«ጌም? ባሌ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ወንድሜ። የሚጽፈው የችሎት ክርክር ነው።»

«ክርክሩንም ይጽፋል። በጣም ፈጣን ነው።»

«ፈጣኑስ ባሌ ነው» ትላለች።

መጀመሪያ ላይ ምንም አይሰማትም። ቆይቶ ግን ክብደቱ የጎድን አጥንቷ ላይ ይሰፍራል። ትንፋሽ ስትስብ ላፕቶፑ አብሯት ከፍ ይላል፤ ስታስወጣ ዝቅ ይላል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍም ዓይኗ ላይ ይዋዥቃል። ከዚያ ሙቀቱ ይመጣል፤ ሸሚዟን አልፎ ቆዳዋ ላይ ይደርሳል።

«ራሙ ስንት ነው?» ይላል ጋሼ ከላይ።

«አሥራ ስድስት።»

«ይበቃዋል?»

«ይተርፈዋል እንጂ!»

«ትንሽ ከበድ አላለም?»

«ይለምደዋል።»

«መልመዱንስ ይለምደዋል። ምን ምርጫ አለው?»

ከታች ስታያቸው አገጭና የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ ናቸው። የሚያወሩት ደረቷ ላይ ስላለው ነገር ነው፤ አንዳቸውም ግን ወደ ታች አያዩም። አንድ ነገር ልትል አፏን ትከፍታለች፤ መግቢያ ስታጣ መልሳ ትዘጋዋለች።

ለእሱም እንደዚህ ነው፣ ትላለች በልቧ። እሷ ከአልጋው በግራ፣ ጋሼ በቀኝ ቆመው፣ መድኃኒቱ ይለወጥ፣ አይለወጥ፤ ጠያቂዎቹ ይግቡ፣ አይግቡ፤ ጢሙ ዛሬ ይላጭ ወይስ ነገ፤ እየተባባሉ ሰባት ወር። መጀመሪያ መጀመሪያ ዓይኑ ከአንዳቸው ወደ ሌላቸው ይመላለስ ነበር። መመላለሱን መቼ እንደተወ ልታስታውስ ትሞክራለች፤ አይመጣላትም።

«ጋሼ፣ ስልኬን አቀብለኝ።»

ባሏ ስልኩን የሚያነሳው ብዙ ከጠራ በኋላ ነው። «ገዛችሁ?»

«አልገዛንም። ሱቁ ውስጥ ወለል ላይ ተኝቼ ነው የምደውልልህ። አንዱን ደረቴ ላይ አድርጌዋለሁ።»

«አብደሻል እንዴ?»

«ወንድምህም እንደዚያው ነው የሚለኝ። ስማኝ፤ ይሄ ይከብዳል። ያቃጥላል። ደግሞ ኪቦርዱ ላይ ያሉት ፊደሎች አይታዩኝም።»

«ፊደሉን እያየ የሚመታ ማን ነው?» ይላል። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አለ። ቁጣውን ከሰማች ቆይታለች። «ስልኩን ወደ ኪቦርዱ አስጠጊውና ምቺልኝ።»

ትመታለች።

«ይሄ ዝም ያለ ነው። ጣቴ መውረዱን አይነግረኝም። ሌላ።»

ሻጩ ሳይጠየቅ ከጠረጴዛው አንድ ቀጭን ላፕቶፕ ይዞ ይንበረከካል። ትልቁን ከደረቷ ላይ አንስቶ ቀጭኑን ያስቀምጥላታል። እንደገና ትመታለች።

«ይሄኛው ይንቀጫቀጫል። ዓመት አይቆይም። ሌላ የላቸውም?»

ሻጩ ተነስቶ መደርደሪያው ጥግ ድረስ ይሄዳል። ግራጫ፣ ትንሽ፣ ጠርዙ ወፈር ያለ ላፕቶፕ ይዞ ተመልሶ ይንበረከክና በቀጭኑ ቦታ ደረቷ ላይ ያደርገዋል። ጋሼ የሱሪውን ጉልበት ሳብ አድርጎ ካርቶኑ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ስልኩን ከእጇ ተቀብሎ በሁለት እጁ ኪቦርዱ አጠገብ ይይዝላታል።

ሦስት ፊደል ትመታለች።

«ቆይ» ይላል ባሏ። «እስቲ እሱን ድገሚው።»

ትደግመዋለች።

«ቀስ አትበዪ። እንደኔ ምቺው።»

በኪቦርድ መጻፍ አትችልበትም። ቢሆንም አሥሩንም ጣቶቿን ታሳርፍና ታወርደዋለች። ትርጉም የሌላቸው ፊደሎች መስመሩን ሞልተው ወደሚቀጥለው ይወርዳሉ፤ ገጹን ጨርሰው ወደ ሌላ ያልፋሉ። በሩን ከፍቶ የገባ ገበያተኛ፣ አንዷ ተኝታ ሁለቱ አጠገቧ ወለል ላይ ሆነው ሲያይ እጁ በሩ እጀታ ላይ ይቀራል። ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ጋሼ አንገቱን ደፍቶ፣ ስልኩ እንዳይንቀሳቀስበት ትንፋሹን ይዟል።