የጆንያው ቂጥ

ሐሰት ማኅተም ቢታተምበት፣ ድንበርም ቢሻገር፣ እውነት አይሆንም። በ፲፱፻፺፭ ዓ.ም. ሦስት የግልግል ዳኞች፣ ሁለት አገሮች የተፈራረሙት የንግድ ውል ባዘዘው መሠረት፣ በመርካቶ፣ በሶማሌ ተራ መጋዘን፣ ከድንበር ማዶ የተመለሰ አንድ የሰሊጥ ጆንያ ከበው ቆሙ። ጎረቤት አገር «አሸዋ ተቀላቅሎበታል» ብላ ከሳለች፤ ክሱ ከጸና የኢትዮጵያ ሰሊጥ ያን ድንበር ዳግመኛ አያልፍም። የጆንያውን አፍ የሰፋችው ማሂራ፣ ሠላሳ ዓመት ጆንያ ስትጠግን የኖረች ሴት፣ ለምስክርነት ተጠራች።

«የሁለት አገር ክርክር በጆንያ ሰፊ ሊፈረድ ነው?» ብሎ ጆንያውን የተረከበው የጎረቤት አገሩ ሰሊጥ ነጋዴ ሳቀ። አስተርጓሚው ቃሉን እያፈረ አደረሰ።

«ፍርዱ የዳኞቹ ነው፤ ስፌቱ ግን የእኔ ነው» አለች ማሂራ። ጎንበስ ብላ አፉን ዳሰሰች። «ይኸ አልተነካም።»

አፉ ካልተነካ አሸዋው ከኢትዮጵያ የመጣ ነው ማለት ነውና ነጋዴው ፈገግ አለ። የኢትዮጵያ ጠበቃ አቶ ጣሰው ደነገጠ። «ምነው እትዬ ማሂራ፣ ጉድ አደረጉን!» ሲል አንሾካሾከ።

«ቆይ፣ ልጄ። እስቲ ገልብጡልኝ፤ ሌባ ጆንያን በቂጡ ነው የሚገባው።»

ገለበጡት። ፋብሪካው በስፌት መኪና የዘጋው ቂጥ ተተርትሮ በእጅ ተሰፍቷል፤ ክሩም ነጋዴው ለዳኞቹ ሊያሳይ ከአገሩ ያመጣቸው የሰሊጥ ናሙናዎች የታሰሩበት ያው ሰማያዊ ሲባጎ ነበር። ማሂራ ቀና አለች። «እንዲህ ያለ ዝርክርክ ስፌት ከመርካቶ ወጥቶ እንደሆነ እጄ ይቆረጥ!»

ዳኞቹ ለኢትዮጵያ ፈረዱ፤ ድንበሩም ለሰሊጧ ተከፈተ። ገበያውን ለብቻው ሊይዝ አሸዋ የጨመረው ነጋዴ በገዛ አገሩ የንግድ ፈቃዱ ተሰረዘ፤ ሦስት ዓመትም ታሰረ።