የማይነቀለው ካርድ

«ማዘር፣ አይሆንም አልኩዎት እኮ» አለ ኮምፒውተር ጠጋኙ፣ የፈታታውን ላፕቶፕ እያሳያት። «የዚህ ግራፊክስ ካርድ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ ተነቅሎ በሌላ አይተካም። ጌሙ ደግሞ አፕዴት ከተደረገ ወዲህ እንዲህ ባለ አሮጌ ካርድ አይሠራም።»

የዞረችበት ሱቅ ሁሉ ይህንኑ ነው የነገራት። ባንኮኒውን ተደገፈች።

«በእናትህ፣ የሆነ ዘዴ ፈልግልኝ። ልጄ እየጠበቀኝ ነው።»

«ታዲያ ሌላ ጌም ይልመዳ! ቀለል ያለ ሞልቷል።»

«ሌላ አይሆንም! ከዚህ ሌላ ምንም አይሆንም!» አለች፤ እንባዋ ቀደማት።

አንጀቱን በላችው። «በቃ አያልቅሱ። ልጁን ይጥሩትና ለዛሬ በእኔ ኮምፒውተር ይጫወት።»

ማንንም አልጠራችም። ወንበሩን ስባ ራሷ ተቀመጠች። ጌሙን ከፍታ የተጫዋች ስሟን «ጎራዴው» ብላ አስገባች፤ የይለፍ ቃሉንም ጣቶቿ ሳይደናቀፉ መቱት። ከዚያ ማይክራፎኑን ከኮምፒውተሩ ነቀለችው።

ወዲያው ከስፒከሩ የጎረምሳ ድምፅ ወጣ።

«ጎራዴው! አንተ፣ የት ጠፍተህ ነው? አሳሰብከኝ እኮ! ካንተ ሌላ የማወራው ሰው እንደሌለኝ እያወቅህ...»

ጠጋኙ ግራ ገብቶት አያት። «ማነው?»

«ልጄ ነው» አለች በሹክሹክታ፤ ማይክራፎኑ መነቀሉን ደግማ እያየች። «ተጣልቶኝ ከቤት ከወጣ ወዲህ ስልኬን አያነሳም።»

ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞረችና ጻፈችለት፦

«መጣሁ፣ ወንድሜ።»