የማያልቀው ጠርሙስ

እናትየዋ ከሞተች ሁለት ወር አልፏታል፤ በአቼቶ የዘፈዘፈችው አትክልት ግን ዛሬም ፍሪጅ ውስጥ አለ። መቼም እንዲህ ያለ ነገር ቢበዛ ሦስት ሳምንት ቢቆይ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ቢኖር አባቴ ብቻ ነው ብላ ልጅቷ ታስባለች።

ልጅቷ ልብስ ሰፊ ነች። ከቀብሩ ወዲህ ግን የስፌት መኪናዋ አንሶላ ለብሶ ተቀምጧል። ደንበኞቿ ሁለት ሦስቴ ደወሉ፣ ከዚያ ተዉት።

ነገሩ የተጀመረው በአባትየው ነው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ድሮ መብላት የሚወድ ሰው ነበር። ከቀብሩ በኋላ ግን ሳህኑን እየገፋ ሲነሳ ሰነበተ። አንድ ቀን ጠርሙሱን ይዞ ልጁ መኝታ ቤት ገባና፣ እሷ ከተኛችበት ሳትነሳ፣ «የእናትሽ እጅ ነው። ከዚች ሌላ የሚወርድልኝ ነገር የለም» አላት።

ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው እፍኝ አይሞላም። ካለቀ ምን ሊበላ ነው? ይሄ ሰውዬ ዓይኔ እያየ ሊያመልጠኝ ነው አለች። ሌላ የተሰማት ነገር የለም፤ ማልቀስም ትታ ነበር።

በማግስቱ ገበያ ወረደች። ቀሚሷ ወገቧ ላይ ሰፍቶ አልይዝ ስላላት በመርፌ ቁልፍ አያያዘችው።

ካሮቱን በጣት ቁመት ቆረጠችው፤ ኪያሩን ከነልጣጩ፣ አበባ ጎመኑን በትንንሹ። አቼቶና ውሃ፣ ጨው፣ ጥቂት ስኳር፣ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት አፍልታ ትኩሱን አፈሰሰችበት። ሲበርድ ፍሪጅ ገባ። ሥራው ይኸው ነው፤ ጣጣው ልኩ ላይ ነው። የእናቷ ልክ እጇ ላይ ነበር፤ አልተጻፈም። መጀመሪያ ጨው በዛባትና ደፋችው። ቀጥሎ ኪያሩ ልፍስፍስ አለባት። ሦስተኛውን ስትቀምሰው የእናቷን መሰላት። ወደ አሮጌው ጠርሙስ ገለበጠችና ክዳኑን ገጠመች።

ምሳ ላይ አባትየው አንድ ካሮት አነሳ። ልጅቷ የምትገባበት ጠፋት። እሱ ግን ቆረጠመው፣ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጠጣበት፣ አፉን ጠረገ።

«የሷው ነው» አለ። ሳህኑንም ወደ እሷ ገፋ አደረገው። «ብቻዬን አይወርድልኝም፤ አብረሽኝ ብዪ።»

ለሱ ብላ በላች። ዳቦም ለሱ ብላ ቆረሰች። እንዲህ እንዲህ እያለ የየዕለቱ ነገር ሆነ፤ እሷ ጠዋት ትከትፋለች፣ ትሞላለች፣ እሱ ምሳ ላይ ያወጣል። ከፊቱ ተቀምጣ ስንት እንደበላ ትቆጥራለች። ጥሩ ቀን ሲሆን አምስት ቁራጭ ይበላል፤ ይህንንም ትልቅ ነገር ነው ትላለች።

የሚከነክናት አንድ ነገር ነበር። ሰውዬው ጠርሙሱ ለምን አያልቅም ብሎ አንድ ቀን እንኳ አይጠይቅም። ልቡናው እየከዳው ይሆን? ለታላቅ ወንድሟ ልትነግረው አሰበች። ወንድምየው ከሌላ ከተማ በየቀኑ ይደውላል፤ የሚያወራው ግን ከአባቱ ጋር ነው። አባዬ እንዴት ነው ብሎ እሷን ጠይቋት አያውቅም። ይሄ ቅር ያሰኛታል፤ የምታስታምም እሷ፣ የሚጠየቅ ታማሚው።

አንድ ረፋድ ካሮት ገዝታ ስትመለስ በሩ ገርበብ ብሎ ቆያት። አባትየው ጀርባውን ሰጥቶ ከወንድሟ ጋር በስልክ ያወራል። ስለ ጠርሙሱ ሲያነሳ ሰማች። አውቆብኛል፣ በቃ፣ ከእንግዲህ ምንም አይቀምስም አለች። የዘንቢሉን ማንጠልጠያ ጨብጣ ቆመች።

«እኔማ ልጄ፣ አቼቶ በአፌ ዞሮ አያውቅም ነበር» አለ አባትየው፤ «ግን እኔ ካልበላሁ እህትህ አትሠራም፣ ካልሠራች ደግሞ ከአልጋዋ አትነሳም።»