ላፕቶፑም ይካፈል

ነገሩ ወዲህ ነው። መሬት ቀያሹና መምህርቷ ሚስቱ ሆድና ጀርባ ሆነው ሲከርሙ፣ በመጨረሻ ለመለያየት ተስማሙ። የጠባቸውን መነሻ የጠየቀ ሰው ሁለት የማይገናኝ ታሪክ ሰምቶ ይመለሳል፤ ስለዚህ እኛም አንጠይቅ።

ክፍፍሉ ግን ወግ ባለው መንገድ ሄደ። ሳህኑ እኩል፣ ወንበሩ እኩል፣ የሳሎኑ መጋረጃ እንኳ በመቀስ ተቆርጦ እኩል። ኩራታቸውን ብቻ ነው መካፈል ያላስፈለጋቸው፤ ለሁለቱም የሚበቃ ነበር። ሚስት አንድ ነገር አስረግጣ ተናገረች፤ ሁሉም ተካፍሎ ሳያልቅ ማንም ከቤት አይወጣም። በኋላ ንትርክ አልፈልግም አለች። መምህርት ናትና ተጀምሮ የቀረ ሥራ አትወድም።

የቀረው ላፕቶፑ ነበር። አሮጌ ነው፤ ሲነሳ ያቃስታል፤ ክዳኑ በፕላስተር ተይዞ ነው የሚዘጋው። ግን የእሱ ካርታዎች፣ የእሷ ፈተናዎችና የሁለቱም ፎቶዎች ያሉት እዚያው ውስጥ ነው።

"ኮፒ አድርጋችሁ ተገላገሉ" ያላላቸው ሰው የለም። ማን ይስማ። ላፕቶፑን በየወሩ እየተፈራረቁ ሊይዙት፣ ዲስኩን ደግሞ ለሁለት ከፍለው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድርሻ ብቻ ሊከፍቱ ተዋዋሉ።

ቀያሽ ዲስክ ሲከፍል ማየት ነው። ሚስቱን አጠገቡ አስቀምጦ፣ በእርሳስ ጫፍ ስክሪኑን እየነካ፣ ለባለይዞታ ድንበር እንደሚያሳይ አሳያት። ይሄ ያንቺ ነው። ይሄ የኔ ነው። ይቺ ዳር ላይ ያለችው ትንሽ ቁራሽ ደግሞ የማንም አይደለችም፤ ኮምፒውተሩ የሚነሳው በሷ ስለሆነ አትነካም። ሚስት ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው። ሲጨርስ ላፕቶፑን ዘግተው በየፊናቸው ተኙ።

በማግስቱ ላፕቶፑ አልነሳ አለ። ጥቁር ስክሪን፣ እላዩ ላይ "መነሻ ዲስክ አልተገኘም" የሚል ጽሑፍ፣ በቃ።

ባል አጥፍቶ አበራው። ባትሪውን ነቅሎ መልሶ ሰካው። ከጎኑ መታ መታ አደረገው። ከዚያ "እንግዲህ ምን ይደረጋል" ብሎ ሻይ ጣደ። የሚስት ታላቅ ወንድም ተጠርቶ ሲደርስ፣ ባል እግሩን አጣምሮ ሻዩን ፉት እያለ አገኘው።

የወንድምየው ሙያ የኮምፒውተር ጥገና፣ ቅጽል ስሙ ብሎን ነው፤ አንዴ ከያዘ አይላቀቅም። እህቱ የምታርፍበትን ክፍል አጽድቶ መጠበቅ ከጀመረ ቆይቷል። ሻይ ጠጪውን ሲያይ ሰላምታውን አሳጠረ።

ላፕቶፑን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ ፈታው። ዲስኩን አወጣ፣ አቧራውን እፍ አለበት፣ መልሶ ሰካው። ቀጥሎ ከኪሱ ባወጣው ፍላሽ አስነሳው። ስክሪኑን ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየና ወደ ባል ዞረ።

"ዳር ላይ የነበረችው የመነሻ ቁራሽ የት ገባች?"

"እዚያው ናት" አለ ባል።

"የለችም። ተሰርዛለች።"

"ጋሼ፣ እኔ አልነካኋትም። ዕድሜዬን ሙሉ መሬት ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ። መተላለፊያ መተው እንዴት ይጠፋኛል?"

"ዓይንህን በጨው አጥበህ አትዋሸኝ። ዲስኩን ማን ከፈለው?"

"እኔ።"

"ላፕቶፑ ካልተነሳ ክፍፍሉ አያልቅም። ክፍፍሉ ካላለቀ እሷ አትወጣም። ታዲያ በዚህ የሚጠቀመው ማነው?"

ባል ሻዩ ላይ አቀረቀረ። እውነቱን ለመናገር፣ እንድትሄድበት አይፈልግም ነበር። ሌሊቱን ሁሉ ያስጨንቀው የነበረውም ይኸው ነው። አፍ አውጥቶ መናገር ግን አልሆነለትም፤ ዝምታው ደግሞ መሰከረበት።

"ተወው" አለች ሚስት እጆቿን አጣምራ። "የሆነው ሆኗል። ፎቶዎቹ ግን ጠፉ?"

"ፎቶዎቹ አልተነኩም። የጠፋው በሩ ነው፤ ቤቱ እንዳለ ነው።"

"ይመለሳል?"

"ይመለሳል።"

"ሌላ ጊዜም ቢሰረዝ?"

"ሌላ ጊዜም እመልሰዋለሁ። አንቺ ብቻ ይሄን ሰውዬ ላፕቶፑ አጠገብ አታስደርሺው።"

ብሎን ቁራሿን እንደገና ሠራት፣ የመነሻ ፋይሎቹንም መለሰባት። ሚስት ከኋላው ቆማ የነካውን ሁሉ በዓይኗ ተከተለች። ላፕቶፑ አቃስቶ አቃስቶ ተነሳ።

"የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው" አለ ብሎን መሣሪያውን እየሰበሰበ፣ ለባል እንዲሰማ። "እሷን አስቀራለሁ ብለህ ክብርህን ጣልክ።" ወደ እህቱም ዞሮ፣ "ነገ ጠዋት መኪና ይዤ እመጣለሁ" አላት።

በማግስቱ ባል ሻይም አልጣደ። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ወደ በሩ አስጠጋ። አዝኖ ነበር። ሥራው ሲያልቅበት መሃል ሳሎን ቆሞ ግማሹን መጋረጃ ማየት ጀመረ።

"ገመድ ሳያስፈልግ አይቀርም" አለችው ሚስት። "እስቲ ከሱቅ ገዝተህ ና።"

"ወንድምሽ ይዞ አይመጣም?"

"የሱ አጭር ነው።"

ነገሩ ባይገባውም ጫማውን አድርጎ ወጣ።

በሩ ሲዘጋ ሚስት ላፕቶፑን ከፈተች፣ ዳር ላይ ያለችውን ቁራሽ መረጠችና ልክ እንደ ባለፈው ሰረዘቻት።