የሁለቱ መስታወቶች አየር

ሠራተኞቹ «ነጭ ጋዋን» የሚሉት የድንጋይ መቁረጫ ፋብሪካው አቧራ ቆጣሪ ባለሙያ ቀኑን የጀመረው የጋዋኑን አጣቢ በመሳደብ ነው።

«ይሄ ነው ነጭ? እጅሽ ውሃ ነክቶ አያውቅም?»

ትናንት አጥባ እንደሰጠችው ብትነግረው ውሸታም ብሎ አባረራት። ለእሱ ሰው ሁሉ ሰነፍ ነው፤ ቆራጮቹ ደግሞ የሰነፎች ቁንጮ። ባለፈው ወር መቁረጫ አዳራሹ ውስጥ አቧራውን ወደ ውጭ የሚያወጣ አየር መምጠጫ ይግባልን ብለው አገር ይያዝልን ሲሉ ገባላቸው። ቱቦው የሥራ አስኪያጁን መኪና እንዳያቆሽሽ በጀርባ ይውጣ ያለውም እሱ ነበር። አሁን ደግሞ የአፍ መሸፈኛ ጠየቁ።

«ነገ ጃንጥላ ይላሉ» አለ ለሥራ አስኪያጁ።

ሥራ አስኪያጁ ነገሩ ታክቶታል። «ለካና ንገረኝ። አቧራ ካለ መሸፈኛውን እገዛለሁ።»

«አለቃቸው መለኪያው ላይ ሆን ብላ አቧራ ትበትናለች። አውቃታለሁ።»

«ከበተነችማ ዛሬውኑ ትባረራለች።»

የቆራጮቹ አለቃ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ልጆቿን የምታሳድገው በዚሁ ደሞዝ ነው።

ነጭ ጋዋን የሚያጣብቅ ቅባት የተቀቡ ሁለት ትንንሽ መስታወቶች አዘጋጀ። እንዳይለወጡበት ጠርዛቸውን በአልማዝ ጫፍ ጫረ፤ የአዳራሹን አንድ ጊዜ፣ ለማነጻጸሪያ እሱ ክፍል የሚቀመጠውን ሁለት ጊዜ። በሕንፃው ጀርባ ያለው ክፍሉ ከመስኮቱ ሥር ከሚሰማው የሞተር ድምፅ በቀር ጸጥ ያለ ነው። መስኮቱን ለንጹሕ አየር ሲል ከፍቶት ይውላል።

አዳራሹ ውስጥ መስታወቱን ሲያስቀምጥ ሴትዮዋ ቀረብ አለች።

«ጋሼ፣ ሳልዎ ባሰብዎት እኮ። ያንን መስኮት ቢዘጉት?»

«የእኔ ጉንፋን ነው። ስንፍና የሚያስለው እናንተን ነው። ሂጂ ሥራሽን ሥሪ!»

በማግሥቱ ሁለቱን መስታወቶች አንድ ትሪ ላይ አስቀመጠ። አንዱ ጥርት ያለ ነው፤ ሌላው ግራጫ ለብሷል። ጭረት ፍለጋ አላጎነበሰም። የቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ዓይን ይበቃዋል።

ሥራ አስኪያጁና ሴትዮዋ ባሉበት ክፍሉን አጨለመና ጥርት ያለውን ማይክሮስኮፑ ውስጥ ከተተ። ብርሃኑ የመስታወቱን ምስል አጉልቶ ነጩ ግድግዳ ላይ ጣለው። እዚያ በተሰመሩት አራት ማዕዘኖች ውስጥ ጥቂት ነጠብጣቦች ታዩ። በዘንግ እየነካ ቆጠራቸው።

«የተማረ ሰው የሚሠራበት ክፍል ይሄን ይመስላል።»

ሁለተኛውን ሲከት ግድግዳው ጠቆረ። መቁጠር ጀመረና ተወው።

«አዩልኝ? በእፍኝ በትናበት ነው! በአንድ ቀን ይሄን ያህል ከየት ይመጣል?»

«በልጆቼ እምላለሁ፣ አልነካሁትም» አለች ሴትዮዋ።

«ባትበትንስ?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ሰው ይሄን ሲተነፍስ ቢከርም?»

ነጭ ጋዋን ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበትና ጥቂት ቆየ።

«ሳንባ ከገባ አይወጣም፣ ጌታዬ። መድኃኒትም የለውም። እንዲህ ያለው ሰው ቤተሰቡን ቢሰናበት ይሻለዋል።»

«እንግዲያው የአዳራሹ መሆኑን አሳየኝና የስንብቷን ደብዳቤ ልፈርም።»

ነጭ ጋዋን ሴትዮዋን ገላምጦ መስታወቱን በጣቱ ገፋ አደረገው። ጥቁሩ መንጋ ግድግዳው ላይ ተንሸራተተና ጠርዙ መጣ።

ሁለት ጭረት ነበረበት።