ፎም የማይዘው ቦታ

ሰመራ ውስጥ፣ በአዲሱ ሆቴል ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ፣ ሙቀት እንዲከላከል የሚረጨው ፎም አንድ ቦታ ላይ ብቻ አልይዝ አለ። ቦታው በጎኑ የተኛ ሰው ያህላል። ሠርካዲስ ደጋግማ ረጭታዋለች፤ ጠዋት ጠዋት ግን ተልጦ ይገኛል። አለቃዋ ደስታው፣ ዛሬም ካልያዘ መርጫውን ለሌላ ሠራተኛ እንደሚሰጥባት አስጠንቅቋታል።

«ተዪው እህቴ» አላት የሕንጻው ጥበቃ ሑመድ። «እኛ በሙቀት ጊዜ ውጭ ነው የምንተኛው። ያ መኝታ ደግሞ ባለቤት አለው።»

«ማነው ባለቤቱ?»

«ወላሂ፣ ሲነሣ አይቼው አላውቅም።»

«እንግዲያውስ ላልብሰው፤ የሰመራ ብርድ እንዳይመታው!»

ጭምብሏን አጥልቃ ረጨች። ቢጫው አረፋ ተነፋ፤ ደረቀ፤ እንደ ድንጋይም ጠጠረ። ደስታው ሊያይ ጣሪያው ላይ ሲወጣ፣ ሠርካዲስ ሄዳ ፎሙ መሃል ላይ ቆመች።

«ይኸው ያዘ! መርጫዬን ማንም አይነካትም።»

ያን ጊዜ ከእግሯ ሥር የጠጠረው ፎም፣ እንቅልፉን እንደረበሹት ሰው፣ በዝግታ ጎኑን ቀየረ።

ደስታው ወደ መሰላሉ ሮጠ። ሠርካዲስ ግን እግሯን አልነቀለችም።

«ተነሣና እንተያይ» አለችው።